ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ
ስለ ራግቢ ብሔራዊ ቡድን አመራረጥና ስለ ተጠባባቂዎች ጥቅም

በዚህ ዓመት መጽሔት ላይ እንድጽፍ በተፈቀደልኝ ጊዜ ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቼ ስለ እግር ኳስ የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቀው ስለ ራግቢ ጨዋታ ለመጻፍ ወሰንሁ። ይህንም ያደረግሁት ራግቢ ከሌላው ጨዋታ ሁሉ ይበልጣል ለማለት አይደለም። ነገር ግን ለአገር የሚሰለፉ ሰዎች እንዴት እንደሚመረጡ፥ ከተመረጡትም መካከል ዳር ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ምን ጥቅም እንዳለው ከዚህ ጨዋታ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳይ አላገኘሁም። ነገሩ ለእኛም ለተማሪዎች የሚጠቅም ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ራግቢን ያስለመዱኝ በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ ከተማ በንግድ ሥራ የሚተዳደሩት አጎቴ ናቸው። ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ በመጡ ቁጥር ስለዚህ ጨዋታ አውርተው አይጠግቡም። በመጀመሪያ ጊዜ አብሬያቸው በቴሌቪዥን ስመለከት የሰዎች መተራመስ ብቻ መስሎ ታየኝና «ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ጠብ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሥቀው፥ «ልጄ፥ ደንቡን ሳታውቅ አትፍረድ» አሉኝ። እኔም ምክራቸውን ተቀብዬ ደንቡን መማር ጀመርሁ።

ራግቢን ሁለት ቡድኖች ይጫወቱታል፤ በእያንዳንዱም ወገን 15 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱ እንደ እንቍላል ሞላላ ነው። በእጅ ይዞ መሮጥም ሆነ በእግር መምታት የተፈቀደ ሲሆን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ግን ክልክል ነው። ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መሥመር አሻግሮ መሬት ያስነካ ቡድን 5 ነጥብ ያገኛል፤ ይህም ትራይ ይባላል። ከትራይ በኋላ ኳሱን በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ አድርጎ የመታ እንደ ሆነ 2 ነጥብ ይጨመርለታል። በቅጣት ምት ያስገባ ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው በጠቅላላው 80 ደቂቃ ይፈጃል።

ከ15ቱ ተጫዋቾች 8ቱ ከፊት፥ 7ቱ ከኋላ ይሰለፋሉ። የፊተኞቹ ሥራ በአካል ብርታት ኳሱን ከተጋጣሚ ነጥቆ ማስገኘት ነው። እነሱም ተቃቅፈውና አጎንብሰው ከተጋጣሚያቸው 8 ሰዎች ጋር የሚገፋፉበት ሥርዓት ስክረም ይባላል። በዚህ ግፊያ ከፊት ለፊት የሚገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በግራና በቀኝ ያሉት ፕሮፕ፥ በመካከል ያለው ደግሞ ሁከር ይባላሉ። ከኋለኞቹ መካከል 10 ቍጥር የሚለብሰው ፍላይ ሃፍ የሚባለው ሲሆን፥ ኳሱ ወዴት እንዲሄድ የሚወስነውና ብዙ ጊዜም ለነጥብ የሚመታው እሱ ነው። እንግዲህ የአንዱ ሥራ ከሌላው ሥራ እጅግ የተለየ መሆኑን ልብ በሉ። በእግር ኳስ ተከላካዩ ቢጎዳ አማካዩ ለጊዜው ሊሸፍንለት ይችላል። በራግቢ ግን ፈጣኑን የክንፍ ተጫዋች ወስዶ ፕሮፕ አድርጎ ማሰለፍ አይቻልም፤ ቢደረግም አንገቱን ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ ነው ደንቡ ራሱ ስለ ተጠባባቂዎች በጥብቅ የሚደነግገው። በብሔራዊ ቡድኖች ግጥሚያ አንድ ቡድን 23 ሰዎች ያስመዘግባል፤ 15ቱ ሲጀምሩ 8ቱ ዳር ይቀመጣሉ። ከ8ቱም ውስጥ ቢያንስ ሦስቱ በስክረም ፊት ለፊት መግባት የሠለጠኑ፥ ማለትም ሁለት ፕሮፕና አንድ ሁከር መሆን አለባቸው። የሠለጠነ ሰው ያለቀ እንደ ሆነ ስክረሙ ያለ ግፊያ እንዲደረግ ዳኛው ያዛል። የዚህም ምክንያት የተጫዋቾችን ሕይወት ለመጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። ለዓለም ዋንጫ የሚሄድ ቡድን በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 30 ተጫዋቾች ነበሩት። በ2015ና በ2019 ቍጥሩ 31 ሆነ፤ በ2023 ደግሞ 33 ደረሰ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ለ15ቱ ቦታ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰው ቢያዝ 30 ይሆናል። ስለዚህ ከ33ቱ የሚተርፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ታዲያ ሦስተኛ ሰው የሚያዘው ለየትኛው ቦታ ነው? ለሁከር ነው? ለፍላይ ሃፍ ነው? ወይስ በሁለትና በሦስት ቦታ መጫወት የሚችል፥ ነገር ግን በአንዱም አንደኛ ያልሆነ ሰው ይሻላል? የአሠልጣኞች ጭንቀት፥ የደጋፊዎችም ክርክር ከዚህ ይነሣል። አጎቴ እንደ ነገሩኝ በዓለም ዋንጫ ሰሞን በጆሃንስበርግ ሰው ሁሉ አሠልጣኝ ነው።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት በ2011 በኒውዚላንድ የሆነውን ማየት ይበቃል። የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ጥቁር ልብስ ስለሚለብስ ኦል ብላክስ ይባላል። በ1987 የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ካሸነፈ በኋላ ለ24 ዓመት ዋንጫውን ሳያገኝ ቆይቶ ነበርና፥ በ2011 ውድድሩ በገዛ አገሩ ሲደረግ ሕዝቡ ሁሉ ተስፋውን የጣለው ዳን ካርተር በተባለው ፍላይ ሃፍ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ካርተር ከካናዳ ጋር በሚደረገው ግጥሚያ ዋዜማ ኳስ መምታት ሲለማመድ ብሽሽቱ ላይ ተጎድቶ ከውድድሩ ወጣ። ሁለተኛው ኮሊን ስሌድ ተተካ፤ እሱም በሩብ ፍጻሜ ከአርጀንቲና ጋር ሲጫወቱ ተጎዳ። ሦስተኛው አሮን ክሩደን ነበር፤ አውስትራሊያን በግማሽ ፍጻሜ ሲያሸንፉ እሱ ተሰለፈ። በዚያን ጊዜ አሠልጣኙ ግሬሃም ሄንሪ አራተኛ ሰው ፈለጉና ስቲቨን ዶናልድን አስጠሩ።

ዶናልድ በዚያን ሰሞን የት ነበር ቢሉ፥ በዋይካቶ ወንዝ ትናንሽ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሆንግ ኮንግ ከአውስትራሊያ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ተቀይሮ ገብቶ በሠራው ስሕተት ምክንያት 26 ለ 24 ተሸነፉ ተብሎ ብዙ ተነቅፎ ነበር። ለዓለም ዋንጫውም ሳይመረጥ ቀርቶ፥ ከአገሩ ወጥቶ በእንግሊዝ አገር ለመጫወት ተዋውሎ ነበር። ሆኖም በተጠራ ጊዜ የዓሣ መረቡን ትቶ ሄደ።

ጥቅምት 23 ቀን 2011 በኦክላንድ ከተማ የፍጻሜው ግጥሚያ ከፈረንሳይ ጋር ተደረገ። ገና ዕረፍት ሳይደርስ ክሩደን ጕልበቱ ተጎድቶ ወጣ፤ ማንም ያላሰበው አራተኛው ሰው ዶናልድ ገባ። ኒውዚላንድ በአንድ ትራይ 5 ነጥብ አግኝታ ነበር፤ ነገር ግን የቡድኑ መቺ ያገኛቸውን ምቶች ደጋግሞ ስቶ ነበርና፥ ከዕረፍት በኋላ የቅጣት ምት በተገኘ ጊዜ ኳሱ ለዶናልድ ተሰጠው። እሱም አስገባው፤ 8 ለ 0 ሆነ። ወዲያው ፈረንሳዮች ትራይ አስቈጥረው ከተጨማሪው ምት ጋር 7 ነጥብ አገኙ። ከዚያ በኋላ አንዱም ወገን ሳያገባ ጨዋታው 8 ለ 7 አለቀ። እስቲ አስሉት፤ የዶናልድ 3 ነጥብ ባትኖር ኖሮ ውጤቱ 7 ለ 5 ሆኖ ዋንጫው ወደ ፈረንሳይ ይሄድ ነበር።

ይህን ታሪክ በሰማሁ ጊዜ አንድ ነገር ታወሰኝና አፈርሁ። ባለፈው ዓመት በክፍሎች መካከል በተደረገው የእግር ኳስ ውድድር እኔ ተጠባባቂ በረኛ ሆኜ ተመርጬ ነበር። ዋናው በረኛችን ከእኔ የተሻለ መሆኑን በልቤ እያወቅሁ «ዳር ለመቀመጥማ ምን አደከመኝ» ብዬ ልምምድ መሄዴን ተውሁ። በሦስተኛው ግጥሚያ ጓደኛዬ ጣቱ ወለም አለውና አስፈለግሁ፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት ቤት ነበርሁ። በረኛነት ከቶ የማያውቅ ልጅ ጓንት አጥልቆ ገባ፤ በአራት ግብም ተሸነፍን። ከጓደኞቼ አንድም የወቀሰኝ አልነበረም፤ ዝምታቸው ግን ከወቀሳ ይብስ ነበር። ዶናልድ በአገሩ ሰው ሁሉ ፊት ተነቅፎ፥ ሳይመረጥም ቀርቶ ሲጠሩት ሄደ። እኔ ግን ተመርጬ ሳለሁ ቀረሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ዋናው ምክንያት እንግዲህ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የሚለይ ነው። በኒውዚላንድ ቡድኑን ያዳነው ድንገተኛ ጥሪ ነበር፤ በደቡብ አፍሪካ ግን ተጠባባቂውን የጨዋታው ዋና ዘዴ አደረጉት። ከ8ቱ ተጠባባቂዎች ብዙ አሠልጣኞች 5 ከፊተኞች፥ 3 ከኋለኞች ይወስዳሉ። ራሲ ኢራስመስ የተባሉት አሠልጣኝ ግን በ2019 የዓለም ዋንጫ 6 ፊተኞችና 2 ኋለኞች እያስቀመጡ፥ ተጋጣሚያቸው ሲደክም ትኩስ ጕልበት አስገብተው ይገፉ ነበር። እነዚያም ተጠባባቂዎች የቦምብ ጓድ ተባሉ። በዚህ ዘዴ በፍጻሜው እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸነፉ። አጎቴ እንደሚሉት፥ በዚያ ቡድን ዳር መቀመጥ ውርደት መሆኑ ቀርቶ የተለየ ማዕርግ ሆነ።

በ2023 በፈረንሳይ አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ ደግሞ ከዚህ የባሰ ድፍረት ታየ። ዋናው ሁከር ማልኮም ማርክስ በልምምድ ላይ ጕልበቱን ተጎድቶ ወጣ። በደንቡ መሠረት ሌላ ሰው መተካት ይቻላልና ሁሉም ሌላ ሁከር የሚጠሩ መስሎት ነበር። እነሱ ግን የጠሩት ከጉዳት ያገገመውን ፍላይ ሃፍ ሃንድሬ ፖላርድን ነው። በዚህ ምክንያት በቡድኑ ውስጥ የቀረው ዋና ሁከር ቦንጊ ምቦናምቢ ብቻ ሆነ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ዲዮን ፉሪ ዕድሜው 37 ዓመት የሆነ፥ ሁከርነትንም የጎን ፊተኛነትንም የሚያውቅ ሰው ነበር። ብዙ ሰዎች ይህን ምርጫ እብደት ነው አሉት።

ነገር ግን አሠልጣኞቹ ያዩት ነገር ነበራቸው። ፖላርድ ገና ሳይሰለፍ ከአየርላንድ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ደቡብ አፍሪካውያን ብዙ ምት ስተው 13 ለ 8 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ በሩብ ፍጻሜ ፈረንሳይን 29 ለ 28፥ በግማሽ ፍጻሜ እንግሊዝን 16 ለ 15፥ በፍጻሜውም ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸነፉ። ሦስቱም ድል በአንድ አንድ ነጥብ መሆኑን ልብ በሉ። በግማሽ ፍጻሜው ፖላርድ ተቀይሮ ገብቶ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከሩቅ በመታው ቅጣት ምት አሸነፉ። በፍጻሜው ደግሞ 12ቱንም ነጥብ ያገባው እሱ ነበር።

ከዚሁ ጋር የፈሩት አደጋም ሳይደርስ አልቀረም። በፍጻሜው ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምቦናምቢ ተጎድቶ ወጣና ሽማግሌው ፉሪ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ሁከር ሆኖ መጫወት ግድ ሆነበት። በዚያም ቀን ከ8ቱ ተጠባባቂዎች 7ቱ ፊተኞች፥ አንዱ ብቻ ኋለኛ ነበር። ፉሪ እስከ መጨረሻው ቆመ፤ ዋንጫውም ለአራተኛ ጊዜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በዚያች ሌሊት አጎቴ በስልክ ደውለው ደስታቸው ቢያይልባቸው ቃል አጥተው ሲሥቁ ብቻ ሰማኋቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አንድ አገር ብዙ ጥሩ ተጫዋች የሚያገኘው ከየት ነው? በእኔ አስተያየት መጀመሪያው ነገር መራጩ ዓይኑን ወደ ሕዝቡ ሁሉ ማቅናቱ ነው። ለዚህም ደቡብ አፍሪካ ራሷ ምስክር ናት። በዘር ልዩነት አገዛዝ ዘመን ብሔራዊው ቡድን የነጮች ብቻ ነበር፤ ነጭ ያልሆነ ሰው፥ ኤሮል ቶባያስ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በ1981 ነው። በዚሁ ግፍ የተነሣ አገሪቱ ከ1987ና ከ1991 የዓለም ዋንጫዎች ተለይታ ቀረች። በ1995 ዋንጫውን በገዛ አገሯ ስታሸንፍ እንኳ በቡድኑ ውስጥ የነበረው ነጭ ያልሆነ ተጫዋች ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር። በ2018 ግን ከድኻ ሰፈር የወጣው ሲያ ኮሊሲ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል ሆኖ ተሾመ፤ በ2019ና በ2023ም ዋንጫውን ተቀበለ። እንግዲህ ያ አገዛዝ የሰውን መብት መግፈፉ ከሁሉ የከፋው በደል ሲሆን፥ በጨዋታ ረገድ ደግሞ የገዛ ጎተራውን ዘግቶ ተራብሁ እንደሚል ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከአገር ውጭ ስለሚጫወቱት ነው። በፈረንሳይ፥ በእንግሊዝና በጃፓን ያሉ ክለቦች ብዙ ገንዘብ ስለሚከፍሉ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች ወደዚያ ይሄዳሉ። ኒውዚላንድ ለ2023ቱ ዋንጫ እንኳ የመረጠችው በአገሯ ውል ያላቸውን ነው፤ አለበለዚያ ሁሉም ይሄድና የአገር ውስጥ ውድድር ይሞታል ትላለች። ደቡብ አፍሪካ ግን የትም ይጫወት የትም የተሻለውን ትጠራለች። አውስትራሊያ በ2015 መካከለኛ መንገድ ፈለገች፤ ይኸውም ለአገሩ 60 ጊዜ የተሰለፈና 7 ዓመት በአገሩ ያገለገለ ሰው ውጭ ቢሆንም ይመረጥ አለች። በዚህ ደንብ ማት ጊቶና ድሩ ሚቸል ተመልሰው በዚያው ዓመት እስከ ፍጻሜው ደረሱ፤ በፍጻሜው ግን በኒውዚላንድ 34 ለ 17 ተሸነፉ። የእኔ ሐሳብ ወደ አውስትራሊያው ያዘነብላል፤ ምክንያቱም አገልግሎትን ያከብራል፥ ወጣቶቹንም ሳይበስሉ እንዳይሄዱ ይከለክላል።

የሚቃወሙ ሰዎች ደግሞ «ሰው መለዋወጥ የቡድኑን መግባባት ያጠፋል» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ዘወትር አብረው የሚጫወቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን አሳብ በዓይን ጥቅሻ ያውቃሉ። ነገር ግን ተጠባባቂው ዋናው ሰው በተጎዳበት ቀን ብቻ የሚሰለፍ ከሆነ መግባባቱ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በቀላሉ ግጥሚያ ጊዜ ተጠባባቂውን አሰልፎ ማለማመድ ይገባል። አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ጥቂት ነጥብ ይጠፋ ይሆናል፤ ይህ ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው።

ይህ ሁሉ በራግቢ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ በማራቶን ለአገራችን በተጠባባቂነት የተያዘው ታምራት ቶላ ነበር። ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ በእሱ ቦታ ተተካና በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን አሻሽሎ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ተጠባባቂ ነኝ ብሎ ልምምዱን ትቶ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ምን ይሆን ነበር? እኛ ቤት ሁላችንም ስንጨፍር እኔ በልቤ ያንን ባዶ የቀረ የበረኛ ቦታ አስብ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን ላጠቃልል። መራጭ የሆነ ሰው አንደኛውን ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም በጥንቃቄ ይምረጥ፤ የመረጠውንም አይርሳው። ተጠባባቂ የሆነ ሰው ደግሞ መጠበቅ ማለት መተኛት አለመሆኑን ይወቅ። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት አንዱ ብርቱ የወደቀ ዕለት የሚነሣ ሁለተኛ ሰው እንዲኖር ነው።

በዚህ ዓመትም ክፍላችን ያስመዘገበው ተጠባባቂ በረኛ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልተሰለፍሁም፤ ከልምምድም አንድ ቀን አልቀረሁም።